መቶ የተጻፈበት ችካል

ማዕዘን የሚለካባቸው ሦስት መለኪያዎች አሉ፤ ዲግሪ፣ ራዲያን እና ግራድ። ደሴ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን፣ ተማሪ እስኪያንገፈግፈው ድረስ አስተምሬአለሁ። ዲግሪን ወደ ራዲያን ስትቀይር በፓይ አባዛ፣ ለመቶ ሰማንያ አካፍል፤ ስትመልስ ደግሞ ገልብጠው። ግራድን ግን አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም። መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ፈተና ላይ አይመጣም፣ የሚጠቀምበትም ሰው የለም ብዬ ነበር የማምነው። ሙሉ ዙር ለሦስት መቶ ስልሳ መከፈሉ ምን ጎደለውና ለአራት መቶ ይከፈላል?

ይህን እል የነበረው ያ አራት መቶ እናቴን ከመቃብሯ ሊያስነቅላት እስኪደርስ ድረስ ነው። ቁጡ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ ከጀርባዬ ሚጥሚጣ ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፣ ሲሉኝም ሰምቻለሁ፣ ቅርም ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከእኔ አፍ የሚሰማ ሰው ልስልስ ያለ ነገር አይጠብቅ። ከነገሩ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ንዴቱ ግን አሁንም እንዳለ ነው።

እናቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው ጌታን የተቀበለችው። ያኔ ጴንጤ መባል በር ዘግቶ፣ ድምፅ ቀንሶ መጸለይ ነበር። እሷ ግን በማሽን ጩኸት መሀል ስለኖረች ድምፅ መቀነስ አይሆንላትም፤ አብረዋት የሚጸልዩት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይይዙላት እንደነበር እየሳቀች ታወራ ነበር። አባቴ የሞተው በዚያው ዘመን ነው። ለእኛ ዓይነቱ ሰው የሚፈቀድ የመቀበሪያ ቦታ ስላልነበረ አስከሬኑን ይዘው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞሩ ውለው በመጨረሻ ቦርከና ዳር ቀበሩት። አጥር የለው፣ ምልክት የለው፤ አንድ ድንጋይ ብቻ። ከጥቂት ክረምት በኋላ ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን ጠርጎ ወሰደው፣ ድንጋዩም ሄደ። እናቴ ግን በየዓመቱ በሞተበት ቀን ይዛኝ እየሄደች ገደሉ አፍ ላይ ትቆምና ውኃውን ታያለች። አታለቅስም፣ አትጸልይም፣ ትቆማለች ብቻ። እኔ እግሬን ሲደክመኝ እንሂድ እላታለሁ፣ እሷ አትሰማኝም።

መንግሥት ተለውጦ ለእኛም የመቀበሪያ ቦታ ሲፈቀድ ከሁሉም በላይ የተደሰተችው እሷ ናት። ቦታው ከኮምቦልቻ ወደ ደጋን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ተዳፋት ነበር፤ ድንጋያም ቢሆንም ወንዝ አይደርስበትም። መሬቱን የለኩት ፋብሪካ ሲተከል ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሠሩ አንድ ሽማግሌ ቀያሽ ናቸው። የሚለኩበት መሣሪያም እነዚያ ሰዎች ትተውላቸው የሄዱት ነው። በየማዕዘኑ የሲሚንቶ ችካል ተከሉ፤ ሁለቱን ታች መንገዱ ዳር፣ ሁለቱን ላይ። በእያንዳንዱ ችካል ላይም የማዕዘኑን መጠን በቀይ ቀለም ጻፉበት። ይህ የእሳቸው ልማድ ነበር፤ የለኩት ቦታ ሁሉ እንዲህ ነው የሚደረገው። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፣ መሣሪያቸውንም ማን እንደወሰደው አይታወቅም።

እናቴ በታመመች ጊዜ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «አጥር ውስጥ ቅበሪኝ» አለችኝ። ያኔ አጥሩ ገና አልታጠረም ነበር፤ ችካሎቹ ግን ቆመዋል። ከላይ በቀኝ በኩል ካለው ችካል በታች፣ ቦታው ውስጥ ገባ አድርገን ቀበርናት። አጥሩ ሲታጠር ውስጥ ትሆናለች አልኩ። ቃሌን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

አጥሩ የታጠረው ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ክረምቱን ሙሉ ለኮርስ ሌላ ከተማ ሄጄ በነበረበት ጊዜ ነው። ያጠረው የአጥቢያችን የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፣ ሰው ሁሉ ግን ኢንጂነር እያለ ነው የሚጠራው። ኢንጂነር ከተባለ ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? የመለኪያ መሣሪያ ከሚያውቀው ሰው ተውሶ ራሱ ለካ፣ ራሱ ሽቦ አሳሰረ፤ ከአጥቢያው ምንም አልተቀበለም። ይህንንም መድረክ ላይ ቆሞ ለጉባኤው በተደጋጋሚ አስታውቋል ብለው ነገሩኝ።

ጥቅምት ላይ አረም ልነቅልላት ማጭድ ይዤ ከደሴ ወረድኩ። በሩን ከፍቼ ገባሁና ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ሄድኩ። የእናቴ መቃብር ከሽቦው ወዲያ ነበር። እሷ ብቻ አይደለችም፤ በዚያ ጥግ ከእሷ ጋር የተቀበሩ ሌሎችም ውጭ ቀርተዋል። ሽቦው ከታች በቀኝ ካለው ጥግ ተነሥቶ ወደ ግራ እያዘነበለ ወጥቶ እነሱን ጥሏቸው ሄዷል። በግራ በኩል ያለው አጥር ደግሞ እንደዚያው ወደ ግራ አዘንብሎ የጎረቤታችንን ገበሬ ማሳ ቆርሶ ገብቷል። በዚያ ከማሳው በተቆረሰው መሬት ላይ፣ አንድ ግራር ሥር፣ አዲስ መቃብር አየሁ። የሰብሳቢው አባት ነው፤ ክረምት ላይ ነው ያረፈው። መቃብሩ እብነ በረድ ለብሷል።

በዚያው ቀን ጸሎት ቤት ሄጄ ሰብሳቢውን ከሰው መሀል ጠራሁት።

«እናቴን ለምን ከአጥር ውጭ አደረግሃት?»

«ጌታ ይባርክሽ እህቴ» ብሎ ጀመረ፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚጀምረው። «እኔ ማንንም አላወጣሁም። መሬቱ የተሰጠን እንደዚያ ነው። ታች በግራ ያለው ችካል ላይ መቶ ይላል። መሣሪያውን እሱ ላይ ተክዬ መቶ ዲግሪ አዞርኩ። የቀረውን በጎኖቹ ርዝመት ዘጋሁት። በግምት የሠራሁት ነገር የለም።»

«እናቴ ስትቀበር የላይኛው ችካል ከኋላዋ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«የላይኞቹ ችካሎች ዛሬ የሉም። አንዱን ጎርፍ ወስዶታል፣ አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። የሌለ ነገር ምስክር አይሆንም።»

ከዚያ የባሰውን ነገረኝ። ከአጥሩ በስተቀኝ ወደ አዲሶቹ መጋዘኖች የሚወስድ መንገድ ሊወጣ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሁሉ በግሬደር ይጠረጋል። «ልማት ነው፣ እኛ ልማት አንቃወምም» አለ፤ ያኔ ይህን ቃል የማይል ሰው አልነበረም። «ከፈለግሽ ግን አጥንቱን አውጥተሽ ወደ ውስጥ ማዛወር ትችያለሽ። ኮሚቴው ይፈቅድልሻል።»

«የእናቴን አጥንት ቆፍሬ ላወጣ?»

«እህቴ» አለኝ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ሊያሳርፍ እየቃጣው። «እኛ አጥንት አናመልክም። እናትሽ ጌታ ጋ ናት። እዚያ ያለው አፈር ነው።»

እጁን መትቼ አወረድኩት። ሰው ዞር ዞር ብሎ አየን። አጥንት የማያመልከው ሰውዬ ለአባቱ እብነ በረድ ከአዲስ አበባ አስጭኖ ያመጣ ነው። ይህንን ነገርኩት። «ይሄ መንፈስ ጥሩ አይደለም» ብሎኝ ሄደ። በዚያ ቀን ያንን ሰውዬ ጠላሁት። ጥላቻ ኃጢአት መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እያወቅሁ ነው የጠላሁት።

ደሴ ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ግን ተማሪ ላይ ነበር የምፈነዳው። አንድ ቀን የማዕዘን ልወጣ እያስተማርኩ የሠላሳ ዲግሪን ሳይን በካልኩሌተር አረጋግጡ አልኳቸው። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ ዜሮ ነጥብ አራት አምስት ምናምን ነው የሚለኝ አለች። ግማሽ መሆኑን ስንቴ ነው የምነግራችሁ ብዬ ጮህኩባትና ካልኩሌተሩን ነጥቄ አየሁት። የመስኮቱ አናት ላይ ትንሽ ምልክት አለች፤ ግራድ ላይ ነው የቆመው። ልጅቷ ሳታውቀው ነክታው ነው። ወደ ዲግሪ ልመልሰው ጣቴን አነሣሁና ቆምኩ።

መቶ ብዬ ጻፍኩ። ሳይን ነካሁ። አንድ አለኝ።

አንድ የዘጠና ዲግሪ ሳይን ነው። ዘጠና ዲግሪ ማለት ቀጥ ያለ ማዕዘን ማለት ነው፤ የበር ጥግ፣ የጠረጴዛ ጥግ። መቶ ግራድ ዘጠና ዲግሪ ነው። ግራድን ወደ ዲግሪ ለመቀየር በዘጠኝ አባዝቶ ለአሥር ማካፈል ብቻ ነው፤ ሕፃን የሚሠራው ሒሳብ። ሽማግሌው ቀያሽ በውጭ አገር ሰዎች መሣሪያ፣ በእነሱ መለኪያ መቶ ብለው ጽፈዋል፤ ቀጥ ያለ ማዕዘን ነው ማለታቸው ነው። ያ ኢንጂነር የተባለው ሰውዬ ቁጥሩን እንዳለ አንሥቶ በዲግሪ አዞረው። አሥር ዲግሪ አዛብቶ፣ ከታች ትንሽ የመሰለው ስሕተት ላይኛው ጥግ ሲደርስ እናቴን ከሌሎቹ ጋር ወደ ውጭ ጣላት። ተማሪዎቹ እያዩኝ ነበር። ካልኩሌተሩን ለልጅቷ መለስኩላት። ይቅርታም አልጠየቅኋት፣ አላመሰገንኋትም፤ ደወል እስኪደወል እንዴት እንዳስተማርኩ እንጃ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መንገዱ ሲጠማዘዝ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ያማታል መሰለኝ ትከሻዬ ላይ ትደገፋለች፣ እኔ ግን ልቤ ችካሉ ላይ ነው። ታች በቀኝ በኩል ያለው ችካል አፈር ውጦት ነበር። በማጭዴ አፈሩን ጫርኩ፣ በእጄ ጠረግሁት፣ በውኃ አጠብኩት። ቀይ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። መቶ።

ሰብሳቢውን እዚያው አስጠራሁት። በባጃጅ መጣ። ችካሉን አሳየሁት፣ ስለ ግራድም ነገርኩት። «ይኸው፣ በግራም መቶ፣ በቀኝም መቶ» አልኩት። «ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አጥሮች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እየተራራቁ ነበር የሚሄዱት። አንተ ግን ሁለቱንም ወደ አንድ በኩል ነው ያዘነበልካቸው። የራስህ አጥር ራሱ ውሸትህን ይናገራል።»

ችካሉን ቁልቁል አየው።

«ቁጥሩ የቦታው መለያ ሊሆን ይችላል» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ከሆነ፣ መለያ ነው ማለት ነው።»

«መለያ ከሆነ አንተ ለምን መቶ አዞርክበት?»

«እህቴ፣ ትሕትና ይጎድልሻል።»

«አዎ ይጎድለኛል። አንተ ደግሞ ሒሳብ ይጎድልሃል።»

ግሬደሩ ሊገባ ነው፣ ኮሚቴው አጥሩን አጽድቋል፣ ከእንግዲህ ማስረጃ ካለሽ አምጪ ብሎኝ ባጃጁ ላይ ወጣ። ማስረጃው ምን እንደሚሆን እኔም አውቄዋለሁ። ከላይ በግራ የነበረው ችካል የቆመበትን ቦታ የሚያሳይ ሰው ከተገኘ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን በገመድ ማሳየት ይቻላል። ያንን ቦታ ሊያውቅ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማሳቸው የተቆረሰው ገበሬ።

እኒህ ሰውዬ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠላታችን ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ዳዊት የሚደግሙ፣ ማርያምን የማይወድ ሰው አጠገቤ አይቀበርም ብለው ድሮ ቦታው ሲሰጥ በጩኸት የተቃወሙ። የእናቴን አስከሬን ይዘን ስንገባ ማሳቸው ዳር ቆመው ጀርባቸውን እንደሰጡን አልረሳም። ያን ቀን ግን ወደ ደጃቸው ሄድኩ። አጨዳ ደርሶ ስለነበር በራቸው ላይ ቁጢጥ ብለው ማጭዳቸውን ይስላሉ። የሚስሉበት ድንጋይ ድንጋይ አልነበረም፤ ሲሚንቶ ነው። ጎኑ ላይ የቀይ ቀለም ጫፍ ይታያል።

«እንደምን አረፈዱ አባቴ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ፈለግሽ?»

«ስለ ድንበሩ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ድንበሩ ያንን ኢንጅነራችሁን ጠይቂው። ማሳየን በልቶ አባቱን ተከለበት። ብጮህ፣ ችካልህን አሳየኝ አለኝ።» ማጭዱን አንዴ ጨረፍ አደረጉት። «ችካልህን አሳየኝ!»

«ታዲያ ለምን አላሳዩትም?»

መሳላቸውን ተዉ። እኔ የማየውን አዩ፤ ቀለሙን በእግራቸው ሸፈኑት።

«እኔ ምንም አልነቀልሁም» አሉ።

«ነቅለዋል ማን አለዎት?»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። እኛን አላስቀብርም ብለው ችካሉን ነቀሉት። ነቅለው ወደ ቤት ወሰዱት፣ ማጭድ መሳያ አደረጉት። ሰውዬው መጥቶ አጥር ሲስብ ደግሞ የሚያየው ችካል ስላልነበረ ታች የተጻፈውን ቁጥር ተከትሎ ማሳቸው ውስጥ ገባ። አሁን ይህ ነው ድንበሬ እንዳይሉ የወሰን ችካል መንቀል ያሳስራል። ሣር መዘዝኩና አፈሩ ላይ ቀጥ ያለውን አራት ማዕዘንና የተንጋደደውን አጥር ሣልኩላቸው።

«እርስዎ ይህን ችካል ባይነቅሉት ኖሮ እሱ መቶም፣ ሁለት መቶም ብሎ አያዞርም ነበር። ችካሉን አይቶ ሽቦውን ይስብ ነበር። ማሳዎን ያስበሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

ማጭዱን እንደያዙ ብድግ አሉ። «ከደጄ ውጭልኝ!»

«እወጣለሁ። ግን ግሬደሩ የገባ ዕለት እናቴም ሄደች፣ የእርስዎም መሬት በዚያው ቀረ።»

«እናትሽ ምኔ ናት?»

«ምንም። እርስዎም ለእኔ ምንም አይደሉም። ለእኔ ብለው እንዲናገሩ አልጠየቅኩዎትም፣ ለመሬትዎ ይናገሩ።»

ውሻቸው እስከ መንገዱ ድረስ እየጮኸ ሸኘኝ። እሳቸው ተነሥተው አልጠሩትም።

የመንገዱን ቦታ የሚያስረክቡት የመንግሥት ሰዎች በመጡበት ጠዋት ኮሚቴው በሙሉ መቃብር ቦታው ተሰብስቧል። ግሬደሩ ታች ቆሟል። እኔ ካልኩሌተር፣ ገመድና ንዴት ይዤ ቆሜአለሁ። መቶ ግራድ ዘጠና ዲግሪ መሆኑን አስረዳሁ። ከመጡት ሰዎች አለቃ የሚመስለው እያዛጋ ሰማኝና «የቁጥር ነገር እኛን አይመለከተንም፣ የነበረውን ድንበር የሚያሳይ ነገር አለሽ ወይ?» አለኝ። ሰብሳቢው ከጎኑ ቆሞ ፈገግ እያለ ነበር። ያንን ፈገግታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ያኔ ሽማግሌው ከላይ ከማሳቸው ወረዱ። ማዳበሪያ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ተሸክመዋል። መጥተው ሰብሳቢው እግር ሥር ዘረገፉት። ሲሚንቶው ችካል ነው፤ አንድ ጎኑ በማጭድ ስለት ተበልቶ ሰርጉዷል፣ በሌላው ጎኑ ላይ መቶ ይላል።

«ነቅየዋለሁ» አሉ። ሰውን ሁሉ በየተራ አዩ። «ጴንጤ አጠገቤ አይቀበርም ብየ እኔ ነኝ የነቀልሁት። ማሰር የፈለገ ይሰረኝ። መሬቴን ግን መልሱ።»

ከዚያ ማንንም ሳይጠብቁ ሽቦውን ጎንበስ ብለው አልፈው ግራሩ አጠገብ ወዳለው መሬት ሄዱና በእግራቸው መሬቱን መቱ። ቆፈርን። ከአፈሩ ሥር የሲሚንቶ ስብርባሪና የችካሉ ጉድጓድ ቅርጽ ወጣ። ችካሉን መልሰን ብናስገባው ልክክ ብሎ ገባ። ገመዴን ታች ካለው ችካል አስሬ፣ አናጢዎች ቀጥ ያለ ጥግ በሚያወጡበት መንገድ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያልኩ ለካሁ። ቀጥ ያለ ጥግ ነው። በኋላ መጥቶ በመሣሪያ የለካው ሰውም ዘጠና ዲግሪ ብሏል። በቀኝ በኩል የሚወጣውን መስመር ስንስበው ከእናቴ መቃብር አልፎ፣ አንድ ሰው ሊተኛበት የሚበቃ ቦታ ተርፎ ሄደ።

አለቃው ሽማግሌውን ገሠጻቸው፤ ነገሩ ግን ከተግሣጽ አላለፈም። ግሬደሩ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ገባ። ሽቦው ተፈታ፣ በቀጥታው መስመር ታሰረ። ሰብሳቢው ለጉባኤው «ዋናው ነገር ሰላም መሆኑ ነው» ብሎ ንግግር አደረገ። ተሳስቻለሁ አላለም። እኔንም ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ ከእናቴ ጋር ውጭ የቀሩትን የሌሎቹን ሟቾች ቤተሰቦችም አልጠየቀም።

ሽቦው ሲስተካከል ግን የአባቱ መቃብር ከነእብነ በረዱ ገበሬው ማሳ ውስጥ ቀረ።

ደሴ ድረስ መጣ። ፒያሳ ከሥራ በኋላ ፈተና የማርምበት ኬክ ቤት አለ፤ ማን እንደነገረው እንጃ፣ ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ። ጌታ ይባርክሽ አላለም። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሽማግሌው አንቺን ይሰማሉ» አለኝ። «እባክሽ አናግሪልኝ። ሽቦው በዚያ በኩል ትንሽ ወጣ ብሎ አባቴን ቢያስገባው፣ የፈለጉትን እሰጣቸዋለሁ።»

«አውጥተህ ወደ ውስጥ ማዛወር ትችላለህ። ኮሚቴው ይፈቅድልሃል።»

«አልችልም» አለ። «አባቴን ቆፍሬ ማውጣት አልችልም።»

ያንን ያህል ጊዜ ስጠብቀው የነበረ ነገር አፌ ውስጥ ነበር። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «እኛ አጥንት አናመልክም።»

ሻዩ ሳይመጣለት ተነሥቶ ሄደ። ይህንን ያወራሁላቸው ሰዎች ሁሉ አይጸጽትሽም ወይ ይሉኛል። አይጸጽተኝም። ጣፍጦኝ ነው የተናገርኩት።

የተናደድኩት በሽማግሌው ነው። የእርሻ ጊዜ ሲደርስ ሰብሳቢው ወዶም ሆነ ሳይወድ የአባቱን አጥንት በገዛ እጁ ሲያወጣ አያለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። ወርጄ ሳይ ማሳው በሙሉ ታርሷል፤ ግራሩ ሥር ግን መቃብሩ ዙሪያውን ሳይነካ እንዳለ ቆሟል። ሽማግሌውን ማሳው ዳር አገኘኋቸው።

«ለምን አላረሱትም?»

«አጥንት ላይ ማረሻ አላሳርፍም። የጴንጤም ቢሆን አጥንት ነው።»

«መሬትዎን የበላው ሰውዬ እኮ ነው!»

«እሱን መች አልሁ? አባቱን ነው። አባቱ ምን በደለኝ?» አሉና በሬዎቻቸውን አዞሩ።

ደህና ይዋሉ እንኳ አላልኳቸውም። እኔ የፈለግሁትን ፍርድ ማሳቸው ዳር ቆመው ቀሙኝ። አሁንም ድረስ ያንን ነገር ሳስታውሰው ያናድደኛል፤ ደግ ሠሩ ብሎ የሚነግረኝ ሰው ደግሞ ይብስ ያናድደኛል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አረም ልነቅል ስወርድ አንዳንዴ ሰብሳቢውን አገኘዋለሁ። እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲሆን ሽማግሌውን አስፈቅዶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ውሻው እስኪታሰርለት ጠብቆ ይገባል። ማሽላው ሲቆም ግን ሽማግሌው እህሌን ትረግጥብኛለህ ብለው አያስገቡትም። ያኔ በእኛ በር ይገባና በግራ በኩል ካለው ሽቦ ጋ ሄዶ ይቆማል። ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ማሽላውን አሻግሮ ወደ ግራሩ ያያል። ከማሽላው መሀል እብነ በረዱ አይታይም። አያለቅስም፣ አይጸልይም፣ ይቆማል ብቻ።

አንዴ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ እናቴ ራስጌ ቁጭ ብዬ አረም እነቅላለሁ። የሆነ ነገር እንድለው የሚፈልግ መሰለኝ። አወቅሁት አቋቋሙን። ልጅ ሆኜ ቦርከና አፋፍ ላይ፣ እግሬን እየደከመኝ፣ ያንን አቋቋም በየዓመቱ አይቼዋለሁ። ያኔ ለእናቴ ሽቦ እንኳ የሚሰጣት ሰው አልነበረም።

አረሜን ቀጠልኩ። ይቁም።